አራራ ሲነሳ ስለ ወጥ እናውራ

ሲጃራ ካቆምኩ ወዲህ ሰው ሁሌ ሚጠይቀኝ ጥያቄ "ምን ረዳሽ?" ነው። መልሴን ሲሰሙ ደሞ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፣ የሆነ መድሃኒት ወይ ከባድ ምስጢር ጠብቀው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን እውነቱን ነው ምናገረው፣ የረዳኝ ከሰው ጋር ስለ ወጥ ማውራት ነው። ስለ ሲጃራ ሳይሆን ስለ ወጥ። ስለ ምስር፣ ስለ ሽሮ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ፣ ሊጡ ለምን አልቦካ አለ፣ በርበሬው ዘንድሮ ለምን ቀለም የለውም፣ እንደዚ አይነት ወሬ። ዛሬ ይሄን ነገር ሰፋ አርጌ ልጽፈው የፈለኩት ለማቆም ብቻውን ሚታገል ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ ነው፣ በተለይ ሴቶች።

ምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከተማው አልቆ የአዳማው ፈጣን መንገድ ሚጀምርበት ጋ። እዚ ሚኖር ሰው ንፋሱንም የታክሲ ሰልፉንም ያውቀዋል። ከስራ ወጥተሽ ሰልፍ ይዘሽ ቤት ስትደርሺ መሽቷል፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘግቶ ቴሌቪዥኑን ከፍቷል፣ አንቺም ትዘጊያለሽ። ለሚያጨስ ሰው ይሄ በጣም ምቹ ነው፣ በረንዳ ላይ ወጥተሽ ብትቆሚ ማንም አያይሽም። ሴት ሆነሽ ስታጨሺ ደሞ ከማጨሱ በላይ መደበቁ ነው ስራ ሚሆነው፣ ከረሜላ፣ ሽቶ፣ ጸጉርሽን በሻሽ መጠቅለል፣ ቡና ሳታፈዪ እጣን ማጤስ። በፈረንጆቹ 2016 በተሰራው ሀገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ላይ ትምባሆ እንጠቀማለን ያሉ ሴቶች 2 በመቶ አይሞሉም፣ ትንሽ ነን ማለት ነው፣ ትንሽ መሆናችን ደሞ ነገሩን ቀላል አያረገውም፣ እንደውም ያከብደዋል። ምክንያቱም ማጨስሽን ማያውቅ ሰው ማቆምሽንም አያውቅም። ስትነጫነጪ "ምን ሆና ነው ዛሬ" ይባላል እንጂ "አይዞሽ፣ ያልፋል" ሚልሽ የለም። ለኔ ከአራራው ሁሉ በላይ የከበደኝ እሱ ነበር።

የኛ ነገር የተጀመረው ኮሚናል ነው። ኮንዶሚኒየም ለማታውቁ፣ ኮሚናል ማለት ለብሎኮቹ የጋራ የተሰራች ቤት ናት፣ እንጀራ ሚጋገርባት፣ ድግስና ለቅሶ ሲኖር ሚሰራባት። የሆነ ቅዳሜ ቡና ላይ ተሰብስበን ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሚኖሩት ጋሼ፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ሲኒያቸውን አስቀመጡና "እኔ ሐኪሙ ደረትህን እያጣህ ነው ብሎኝ ሲጃራ አቁሜያለሁ፣ ብቆጣ ብነጫነጭ ታገሱኝ" አሉ። በቃ እንደዚ በግልጽ። ሰው ሁሉ "ጎሽ፣ እሰይ" አለ። ታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ግን፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ስንወጣ ደረጃው ላይ ቀስ ብላ "እኔም እኮ ማቆም እየሞከርኩ ነው" አለችኝ። ሁለት አመት ከላይና ከታች ስንኖር እሷም እኔን እኔም እሷን አላወቅንም። ከዛ አንድ ፊኒሺንግ ሚሰራ ልጅ ተጨመረ፣ ጋሼ ናቸው ያመጡት፣ አራት ሆንን።

መጀመሪያ አካባቢ ስንገናኝ ምናወራው ስለ ሲጃራ ብቻ ነበር። ማን በቀን ስንት ፍሬ ያጨስ እንደነበር፣ ለማን የቱ ሰዓት እንደሚከብደው፣ ከምሳ በኋላ ያለችዋ እንዴት እንደምትጥም። ልጁ ደሞ ስልኩ ላይ የታመመ ሳንባ ፎቶ እያወጣ ያሳየናል። በቅን ልብ ነው፣ ግን እንደዛ አውርተን ስንለያይ ሁላችንም አምሮን ነበር ምንለያየው። ስለ አንድ ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ስታወሪ እሱ ነገር እዛው መሀላችሁ ተቀምጦ ነው ሚውለው። የሳንባውም ፎቶ ቢሆን ቀን ላይ ያስፈራል፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ብቻሽን ስትሆኚ ግን ጭራሽ ትዝ አይልሽም። ፎቶው ውሸት ነው አላልኩም፣ ለመጀመር የረዳቸው ሰዎች አውቃለሁ፣ ለመቆየት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል ነው ምለው።

ሌላው ነገር የመጣው ሳናስበው ነው። አንድ ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። ሚስታቸው ክፍለ ሀገር ልጅ ልታርስ ሄዳለች፣ ብቻቸውን ናቸው፣ እና "አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምስር ውሃ በዛበት መሰለኝ፣ ምን ላርገው?" አሉኝ። "ጋሼ ክዳኑን ይክፈቱት፣ እሳቱን ትንሽ ከፍ ያርጉትና ያማስሉት፣ ግን እንዳይዝብዎ ከስር ከስር" አልኳቸው። "ከስር ከስር" አሉ። ስልኩን አልዘጉትም፣ ስፒከር ላይ አርገው ማማሰያው ድስቱን ሲነካው ይሰማኛል። "አሁን አረፋ አወጣ"፣ "እሺ ይቀጥሉ"፣ "ጨው መቼ ነው?"፣ "መጨረሻ ላይ፣ አሁን ካረጉት ውሃው ሲመጠጥ ይበዛብዎታል"። ቁሌቱን እንዴት እንደሰሩት ጠየኳቸው፣ ሽንኩርቱን ገና ጥሬውን ዘይት አፍስሰውበታል፣ እንደዛ አይደለም መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው ሚቁላላው፣ ሲይዝ ሲይዝ ውሃ ጠብ እያረጉ፣ ቀላ ሲል ነው ዘይቱ፣ ከዛ በርበሬው፣ በርበሬው ደሞ ቶሎ ስለሚያር ውሃ እያረጉ እያበረዱ ነው ሚያበስሉት አልኳቸው። ወጡ ወፈረ። "በይ ደህና እደሪ" አሉ። አንድም ጊዜ ሲጃራ ሚለውን ቃል አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየኳቸውም፣ ግን ለምን እንደደወሉ ገብቶኛል። በነጋታው እኔ ደወልኩ፣ "ጋሼ ምስሩ ተረፈ?" ብዬ። የእውነት አምሮኝ ነበር ያን ሰዓት።

ለምን እንደሚሰራ አሁን ላይ ሳስበው ግልጽ ነው። ኒኮቲን ከሰውነት ቶሎ ነው ሚወጣው፣ በየ2 ሰዓቱ ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ለዛ ነው ሚያጨስ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ሲገባ ሚውለው። ካቆምሽ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ናቸው ሚከብዱት፣ ንጭንጩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሀሳብ አለመሰብሰቡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እየቀነሰ ይሄዳል። ግን አራራው ሙሉ ቀን አይቆይም፣ አንዱ ተነስቶ እስኪያልፍ ብዙ ጊዜ 5 ቢበዛ 10 ደቂቃ ነው። ከባዱ ነገር እነዛ ደቂቃዎች ውስጥ እጅሽም አፍሽም ሀሳብሽም ስራ ፈት መሆናቸው ነው። ቁሌት ደሞ ከዛ በላይ ይፈጃል። አራት አምስት ራስ ሽንኩርት ልጠሽ፣ አድቅቀሽ፣ አይንሽ እያነባ፣ ከድስቱ ላይ ዞር ማለት አትችዪም ምክንያቱም ያርብሻል፣ አንዱ እጅ ማማሰያ ይዟል ሌላው ውሃ፣ ጆሮሽ ላይ ደሞ ሰው አለ። ሽንኩርቱ ቀላ ሲል አራራው የለም። የመጣበትን እንጂ የሄደበትን ሰዓት አታውቂውም።

አሁን ስለ ቡና ልናገር ምክንያቱም ይሄን ነገር ሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሲጃራ ያቆመ ሰው ቡና ጠጥቶ ልቡ ድው ድው ይላል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ማታ እንቅልፍ የለም፣ እና "ሲጃራዬን ስላጣሁ ነው" ብሎ ያስባል። እኛም እንደዛ ነበር ምናስበው። ነገሩ ወዲህ ነው፣ የሲጃራ ጭስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያረጉታል፣ ስታቆሚ ጉበት ወደ ተፈጥሮ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ ስለዚ ያንኑ የለመድሽውን ቡና ጠጥተሽ ካፌይኑ ደምሽ ውስጥ ይበዛል፣ ይቆያልም። ከአቦል እስከ በረካ ሦስቱንም ትጠጪ ከነበረ ልክ እጥፍ እንደጠጣሽ ሊሰማሽ ይችላል። ታችኛዋ ጎረቤቴ ይሄን ስነግራት "እና እኔ ስንት ሌሊት ኒኮቲን ነው ብዬ ያደርኩት ቡና ነው?" አለች። ቡና ይቅር አይባልም፣ ቡና የሌለበት ቅዳሜ ለኛ ምንድነው፣ ግን ቀንሰነዋል፣ አቦሉን ጠጥተን ቶናውን ለሌላ ሰው እናሳልፋለን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደሞ ጤና አዳም ያለበት ሻይ ወይ ጦስኝ ነው። ደሞ ቡናና ሲጃራ አብረው የኖሩበት ሰው ቦታ ቢቀይር ይረዳዋል፣ እኔ በረንዳ ላይ መጠጣት ትቼ ኮሚናል ከሰው መሀል ሆነ ምጠጣው።

የልጁ ታሪክ ደሞ ሌላ ነገር አስተምሮናል። ጫት ይቅማል፣ ጫትና ሲጃራ እንዴት እንደተጋቡ ሚያውቅ ያውቀዋል፣ ምርቃናው ሲመጣ እጅ ራሱ ወደ ኪስ ይሄዳል። የሆነ ቀን ደውሎ "እትዬ አጨስኩ" አለኝ። ድምጹ ሌላ ነበር፣ ሚያለቅስ ነው ሚመስለው። ምን ልበለው? መቆጣት ምንም አይጠቅምም፣ ራሱን ከኔ በላይ ተቆጥቷል። "ምን በላህ ዛሬ?" አልኩት። ዝም አለ። ጠዋት ሻይ በአምባሻ፣ ከዛ ጫት፣ በቃ። ማታ 1 ሰዓት ነው። "ና" አልኩት፣ ጎረቤቴ የቀን እንጀራ ነበራት፣ ፍርፍር ሰራንለት፣ ቃሪያ በዛ አርገን። በልቶ ሲጨርስ ፊቱ ራሱ ተመለሰ። ከዛ ቀን ጀምሮ እኛ ጋ ሰው ሲደውል የመጀመሪያው ጥያቄ "በላህ ወይ?" ነው። ረሃብና አራራ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ያነጫንጫሉ፣ ሁለቱም ያንቀጠቅጣሉ፣ ለአመታት ረሃባችንን በሲጃራ ስናስታግስ ስለኖርን መለየቱ ጠፍቶናል። ልጁ አሁን ሳይት ሲሄድ ምሳ እቃ ይዞ ነው ሚሄደው። ጫቱን ሙሉ በሙሉ አልተወም፣ ግን ሲቅም ከነበረበት ቤት ርቋል፣ እዛ ቤት ሁሉም አጫሽ ነው።

ጣዕም መመለሱን ደሞ ማንም አልነገረኝም ነበር። ምላስና አፍንጫ ከማቆም በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ነው ቀስ እያሉ ሚነቁት። ኮረሪማ ሳሸት እንደ አዲስ ነው የሸተተኝ። ጨው ይበዛብኝ ጀመር፣ ማለቴ ድሮ ልክ ነው ምለው ወጥ ጨው በዛበት፣ እና ለካ ቤተሰቤ አመታት ሙሉ ጨዋማ ወጥ ሲበሉ ዝም ብለውኝ ነው። ጋሼ ደሞ የተነጠረ ቅቤ ሽታ ከደረጃ ስር ሆነው ይለያሉ፣ የማን ቤት እንደሆነ ሳይቀር። ይሄ ደስታ ነው፣ የእውነት ደስታ ነው፣ ስለ ማቆም ሲወራ ስለሚጠፋው ነገር ብቻ እየተወራ ስለሚመለሰው ነገር ማይወራው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የልብ ምት እንኳን የመጨረሻዋን ሲጃራ ካጨስሽ በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው መውረድ ሚጀምረው። አንድ አመት ሲሞላ የልብ ደም ስር በሽታ ስጋቱ ከሚያጨስ ሰው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ክብደት ግን ይጨመራል፣ አልዋሽም። በአማካይ በመጀመሪያው አመት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ነው ሚባለው፣ የምግብ ፍላጎት ይከፈታል፣ ሰውነትም ሀይል ሚያቃጥልበት ፍጥነት ይቀንሳል። ይሄን ፈርተው ወደ ሲጃራ ሚመለሱ ሴቶች አሉ፣ እባካችሁ እንደዛ አታርጉ፣ 5 ኪሎ ልብን እንደ ሲጃራ አይጎዳም። እኛ ብስኩትና ከረሜላ ትተን ቆሎ ይዘናል። ገብስ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር፣ ራሳችን ነን ምንቆላው፣ መልቀሙ ራሱ እጅ ይይዛል። ኪስ ውስጥ ሲጃራ የነበረበት ቦታ ቆሎ አለ አሁን። ታክሲ ሰልፍ ላይ በተለይ በጣም ይረዳል፣ ሱቅ በደረቴዎቹ ሲጃራ በፍሬ ይዘው ከፊትሽ ሲያልፉ እጅሽ ስራ አለው።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይለያል። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ ረመዳን ላይ ቀኑን ሙሉ ምንም አይላትም፣ ኢፍጣር ከተበላ በኋላ ያለችዋ ሰዓት ናት ምትፈትናት፣ ድሮ ከቴምሩ ቀጥሎ ሲጃራ ነበር። ስለዚ ያቺን ሰዓት እኛ እንይዝላታለን፣ እኔ ወይ ጋሼ እንደውላለን፣ ሾርባው እንዴት ወጣ፣ ሳምቡሳው ስንት ደረሰ፣ ምስር ነው ስጋ የከተትሽበት። እኛ ደሞ ሁዳዴ ላይ እሷ ናት ምትደውለው፣ "ዛሬ ምን በላችሁ፣ ተልባ ነው ሱፍ?" እያለች። ሁዳዴን ተጠግተው ሚያቆሙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፣ 55 ቀን ቀላል አይደለም፣ አስቸጋሪው ወር አልፏል ማለት ነው፣ ግን ፋሲካ ላይ ዶሮውና ጠላው ቢራው ሲመጣ ሲጃራውንም አብረው ይፈስካሉ። ለበአል ሳምንት ከሌላው ጊዜ የበለጠ ሰው ያስፈልጋል። ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ አራታችንም ኮሚናል ሽንኩርት ስንልጥ ነው ያመሸነው፣ ጋሼም ቢላ ይዘው።

ስለ ህጉም ሁለት ቃል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የህዝብ ቦታዎች፣ በስራ ቦታ ውስጥና በትራንስፖርት ማጨስ ከልክሏል፣ ከ21 አመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም እንደዛው፣ ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጃራም አይፈቀድም። ለኛ ላቆምነው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ካፌ ገብተሽ ጭስ ሳይመጣብሽ ማኪያቶ መጠጣት ማለት ነው። ስለዚ ጭስ ያለበት ቤት ስትገቡ "እዚ አይጨስም" ለማለት አትፈሩ።

ደሞ ሳልረሳው፣ የአእምሮ ህመም መድሃኒት ምትወስዱ ሰዎች ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ቡናው ላይ ያልኩት ነገር አንዳንድ መድሃኒቶች ላይም ይሰራል፣ መጠኑ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ከሰልም ቢሆን በር ዘግታችሁ አታንድዱ። ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ሚገድልበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጃራ ውስጥም ያለው ነው፣ ደም ላይ የኦክስጅንን ቦታ ሚይዘው እሱ ነው። ከሲጃራ የመጣው ካቆማችሁ በኋላ በ1 ቀን አካባቢ ከደም ይወጣል፣ እንደገና በከሰል አታስገቡት።

ያልፈታነው ነገር መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ምድጃው የለም፣ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ጨለማና በረንዳ ብቻ ነው ሚቀረው፣ ሁላችንም ያ ሰዓት ይከብደናል። በቅርቡ ከኋላ ብሎክ አንዲት ልጅ ተቀላቅላናለች፣ ገና የመጀመሪያው ሳምንቷ ላይ ናት፣ አንድ ሶኬት ምድጃ ብቻ ነው ያላት፣ ባለፈው መብራት ሲጠፋ ደውላ "እትዬ አሁን ምን ላብስል?" አለችኝ። ጎረቤቴ ናት መልሱን ያገኘችው፣ በሶ። እሳት አይፈልግም። የበሶውን ዱቄት ሰፋ ያለ ሳህን ላይ ታደርጊያለሽ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ዘይት፣ የፍስክ ከሆነ ለጋ ቅቤ፣ ከዛ ውሃ በጣም ጥቂት ጥቂት ጠብ እያረግሽ በሁለት እጅሽ ትለውሺዋለሽ፣ ከበዛ ስለሚልም አትቸኩዪ፣ ሲያያዝልሽ ትጨብጪዋለሽ። ስልኩን ስፒከር ላይ አርጋ ሁለታችንም እያወራናት ጨበጠች፣ ሁለቱም እጇ በሶ ስለነበር ሲጃራ መያዝ ብትፈልግም አትችልም። መብራቱ ቶሎ አልመጣም፣ እኛም ስልኩን አልዘጋነውም፣ በልታ እስክትጨርስ የናቷ በሶ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ስትነግረን ነበር። ሌላ እሳት ማይፈልግ፣ ሁለት እጅ ሚያስይዝ ምግብ ምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ቡና ላይ ለሁሉም አነብላቸዋለሁ።